ከአርባ አንድ ቁጥር ጠርሙስ የጎደለው

ሥራ የጀመርኩ ቀን ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የሕፃናት ሐኪሙና የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር መስፍን መስኮቱ ጋ ቆመዋል። እናቶችን የምትመዘግበውና የምታስረዳው ነርስ ሲስተር ለተብርሃን ፎርም ትደረድራለች። ሽሮፑን የሚያዘጋጀው ፋርማሲስት ሰይድ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ባዶ ጠርሙስ ይቆጥራል። የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ዘሪሁን ሚዛኑን ከምድር ቤት ተሸክመው አምጥተው በሩ ላይ ላባቸውን ይጠርጋሉ። አምስተኛው እኔ ነኝ፣ ብሩክ።

ቦታው ኢምፔሪያል አካባቢ ወደ ገርጂ በሚወስደው በኩል፣ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ የተከራየው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ለጥናቱ ሁለት ክፍል ተሰጥቶናል። አንዱ የሲስተር፣ አንዱ የሚዛኑ። ዶክተር በክሊኒኩ የራሳቸው ክፍል አላቸው።

እኔ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው። ከዚያ ጉርድ ሾላ አንድ ሚዛን መጠገኛ ሱቅ አራት ዓመት ሠራሁ። የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የወርቅ ቤት ሚዛን፣ የጤና ጣቢያ የሕፃናት ሚዛን ፈትቼ ገጥሜያለሁ። የላቦራቶሪ ሚዛን ያወቅኩት ደንበኞች ከጣሏቸው የመመሪያ ደብተሮችና ከስልኬ ነው። የማላውቀውን እንግሊዝኛ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ በአንድ ገጽ ሁለት ቀን የቆየሁበት ጊዜ አለ።

ዶክተር መስፍን ወደ ሚዛኑ እያመለከቱ "ይሠራል?" አሉኝ። ክብደቱ የታወቀ የመቶ ግራም መፈተሻ ብረት ጫንኩበት። አንዴ መቶ ይላል፣ አንዴ መቶ ነጥብ አራት። መስኮቱን ዘጋሁ። አሁንም ይዘላል። ጆሮዬን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ። ቀለበት መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል።

"ሚዛኑ ደህና ነው። ችግሩ መንገዱ ነው" አልኩ።

"እና መንገዱን ትጠግንልናለህ?" አለ ሰይድ።

ሁሉም ሳቁ። በማግስቱ ከጉርድ ሾላ አንድ ወፍራም የእብነ በረድ ቁራጭ ተሸክሜ መጣሁ። ከሥሩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ አራት ላስቲኮች አደረግኩ፣ በውሃ ልክ አስተካከልኩትና ሚዛኑን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። እንደዚያም ሆኖ የማምነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ የመዘንኩትን ብቻ ነበር። ስለዚህ ቀን የተመለሰ ጠርሙስ የሚመዘነው በማግስቱ ጠዋት ነው። ጋሽ ዘሪሁን በር ሲከፍቱልኝ "ሚዛኑ መጣ!" ይላሉ። ስሜ ያ ሆኖ ቀረ።

ጥናቱ ይህ ነው። ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የሆነ፣ ሳል የያዛቸው ግን የከፋ ሕመም የሌለባቸው ልጆች አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ይሰጣቸዋል። ግማሾቹ የሚወስዱት ከማርና ከጦስኝ የተሠራውን ነው። ግማሾቹ ደግሞ ቀለሙም ውፍረቱም ያንኑ የሚመስል የስኳር ሽሮፕ። የትኛው ጠርሙስ የቱ እንደሆነ እናቲቱም፣ ሲስተርም፣ ዶክተርም፣ እኔም አናውቅም። ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ብቻ አለ። ሰይድ ሁለቱንም ሠርቶ ያስረክባል፣ ቁጥሩን የሚለጥፈው ግን ሌላ ሰው ነው። የቁጥሮቹ ፍቺ በታሸጉ ፖስታዎች ውስጥ ሆኖ በዶክተር መሳቢያ ይቆለፋል።

መጠኑ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ሚሊ ሊትር፣ ለሰባት ቀን ነው። መለኪያው ሁለት መስመር ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። የላይኛው መስመር አምስት፣ የታችኛው ሁለት ተኩል። በስምንተኛው ቀን እናት ጠርሙሱን ትመልሳለች። ልጁ ካልተሻለው በዚያው ቁጥር ሁለተኛ ጠርሙስ ይዛ ትሄዳለች። የእኔ ሥራ ጠርሙሱን ሳይወጣም ሲመለስም መዝኖ ልጁ በትክክል መውሰዱን ማወቅ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ዶክተር መስፍን አስቀምጠው አንድ ነገር ነገሩን። "ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ በዓይን የማይታይ የተኛ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው ሆድ አያሳድረውም። የጨቅላ ሆድ ግን ሊያበቅለው ይችላል። ከበቀለ መርዝ ያወጣል፤ መርዙ ጡንቻ ያልፈሰፍሳል። መጀመሪያ ሆድ ይደርቃል፣ ከዚያ መጥባት ያቅታል፣ መጨረሻ ላይ መተንፈስ።"

"ዶክተር፣ እኛ አገር እኮ ሲወለዱ ማር አልሰው ነው ያሳደጉን" አለ ሰይድ።

"ይህን የሚለው ያደገው ነው" አሉት።

"እኔ ደግሞ አሙቄ ነው የማጠልለው።"

"ያንን ዘር እንደዚህ ያለ ሙቀት አይገድለውም ሰይድ።"

ሰይድ ወደ ጠርሙሶቹ ተመለሰ። ሲስተር ለተብርሃን ግን ማስጠንቀቂያውን በቃሏ ይዛው ለእያንዳንዷ እናት ትናገራለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ ወደይ፣ አንቺ በለኝ" ያለችኝ ሴት ናት፤ ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ለእናቶች ስትናገር ግን ድምፅዋ ይለወጣል። "ለዚህኛው ብቻ። ለትንሹ ጠብታ እንኳ እንዳትሰጪ" ትላለች። እናቲቱ መልሳ እስክትነግራት ድረስ ጠርሙሱን አትለቅላትም።

እኔ የምሞላው ፎርም ላይ ሦስት ሳጥን ነበር። ተወሰደ፣ ፈሰሰ፣ ጠፋ። ሦስቱን ማን እንዳወጣቸው አላውቅም። ለረጅም ጊዜ የሚበቁ ይመስሉኝ ነበር።

ወይዘሮ ዘሃራ የመጣችው ከቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነው። የወሎ ሰው ናት፤ ቤቷ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ከማል ሚኒባስ ይነዳል። ሳል የያዘው አራት ዓመት የሆነው አንዋር ነው። ጀርባዋ ላይ የሰባት ወር ልጅ ነበረች፣ ሀያት። ሲስተር ለተብርሃን ሀያትን አይታ ማስጠንቀቂያውን ሁለት ጊዜ ተናገረች። ወይዘሮ ዘሃራም ሁለት ጊዜ መለሰችላት። የደረሳቸው አርባ አንድ ቁጥር ነው።

አንዋር ወደ እኔ ክፍል ገብቶ ሚዛኑን ሲያይ፣ "ምን ትመዝናለህ?" አለኝ።

"ጠርሙስ።"

"ሰው አትመዝንም?"

"ይህ ሚዛን ሰው አይችልም።"

"ሀያትንስ? እሷ እኮ ትንሽ ናት።"

"እሷንም አይችልም" አልኩት።

በስምንተኛው ቀን ጠርሙሱ ተመለሰ። አንዋር ሳሉ ስላልተወው ሁለተኛውን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት መዘንኩት። ሲወጣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነጥብ ስድስት ግራም ነበር። ሲመለስ መቶ አሥራ አምስት ነጥብ ዘጠኝ። የጎደለው መቶ አሥራ አምስት ነጥብ ሰባት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ለሰባት ቀን የሚወሰደው ዘጠና ሁለት ነጥብ አራት ግራም ነው። ስለዚህ ሃያ ሦስት ነጥብ ሦስት ግራም ከመጠኑ በላይ ጎድሏል።

እናት ስትለካ ትንሽ ታበዛለች ወይ ታሳንሳለች፤ ከመለኪያው ላይ ተጣብቆ የሚቀርም አለ። እስከ አሥራ አምስት ግራም ልዩነት እናልፋለን። ሃያ ሦስት ግን አይታለፍም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚዛኑን ነው። የውሃ ልኩን አየሁ። ላስቲኮቹን አንድ በአንድ አወጣሁና መለስኩ። መፈተሻ ብረቶቹን በጥጥ ጠርጌ በየተራ ጫንኩ፣ አሥር አሥር ጊዜ። በማግስቱ ጠዋትም ደገምኩ። ሚዛኑ ትክክል ነበር። ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ። ያን ደስታ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሰው አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ደወልኩ።

"ሄሎ፣ ወይዘሮ ዘሃራ? ብሩክ ነኝ፣ ከጥናቱ።"

"እንዴት ነህ ወንድሜ? ሰላም ነው?"

"ሰላም ነው። ለአንዋር የሰጠነው ሽሮፕ ከመጠኑ ትንሽ ጎድሎ ነው። ምናልባት ፈስሶብዎት ይሆን?"

በስልኩ ውስጥ የሕፃን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እየተጫወተች ነው።

"አዎ" አለች በመጨረሻ። "ፈስሶብኛል። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"ምንም አይደል፣ ያጋጥማል።"

"ከጥናቱ አያስወጣንም አይደል?"

"አያስወጣችሁም።"

ስልኩን ዘግቼ ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ፈሰሰ።

እንዲያ የጠየቅኩበትን ምክንያት ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ከእኔ የምትበልጥን ሴት "መድኃኒቱን ለማን ሰጡት?" ማለት ሌባ እንደማለት ሆኖ ታየኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። እንዳታፍር መልሱን ራሴ አዘጋጅቼ ሰጠኋት። እሷም እኔ እንዳላፍር ተቀበለችኝ።

ሁለተኛው ጠርሙስ የተመለሰበትን ቀን ጠዋት ጋሽ ዘሪሁን ከታች ጮኸው ተጣሩ። ወይዘሮ ዘሃራ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። በአንድ እጇ አንዋርን ይዛለች። ሀያት ጀርባዋ ላይ ናት። ሲስተር ለተብርሃን አንቀልባውን ፈትታ ሕፃኗን ተቀበለች። የሀያት ራስ ወደ ኋላ ወደቀ። ሲስተር በመዳፏ ደገፈችው። የሕፃኗ የዓይን ቆብ ግማሽ ድረስ ተከድኗል። አለቀሰች፤ ድምፁ ግን ከአፏ የራቀ ይመስል ነበር።

"ጡት መቼ ተወች?" አለች ሲስተር።

"ከሦስት ቀን በፊት። ትይዛለች፣ አትስብም።"

"ሆዷስ?"

"አምስት ቀን ሆኗት።"

ሲስተር ለተብርሃን ወደ ዶክተር መስፍን ክፍል አልተጣራችም። በእግሯ በሩን ገፍታ ሕፃኗን ይዛ ገባች። ዶክተር የሀያትን እጅ አንስተው ለቀቁት። ወደቀ።

"ማር ቀምሳለች?"

ወይዘሮ ዘሃራ በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ አየች።

"ፈሰሰ ወይ ሲለኝ፣ አዎ አልኩት" አለች። "እሱ ነው ፈሰሰ ወይ ያለኝ።"

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። አንዋር እህቱ ሳትቀምስ አፉን አይከፍትም። "እኔው ነኝ ያስተማርኩት" አለች። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እያልኩ። ብስኩት እንኳ ሲያገኝ ለእሷ ሳያቀምስ አይበላም፣ ድዷ ላይ ይነካላታል። ሽሮፑን ስሰጠው 'ሀያት መጀመሪያ' አለኝ። ባዶውን መለኪያ አፏ ላይ አድርጌ አስመሰልኩ። ጎንበስ ብሎ አየና 'ባዶ ነው' አለ። ሳሉ እያንገበገበው ነበር። ለአንድ ቀን ብዬ እስከ ታችኛው መስመር ቀዳሁላት። በማግስቱም እምቢ አለኝ። ማታ እሷ ስትተኛ ይወስዳል፣ ጠዋት ግን አይሆንም። ምንም አልሆነችም ስል…"

አንዋር የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይስላል።

ጠርሙሱ የማር የመሆኑም የስኳር የመሆኑም ዕድል እኩል ነበር። ዶክተር መሳቢያውን ከፈቱ። አርባ አንድ የተጻፈበትን ፖስታ አወጡና ጫፉን ቀደዱት። ሰይድ በዚያ ሰዓት ከኮሪደሩ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ሁላችንም ስኳር እንዲሆን እየለመንን ነበር።

"ማር ነው" አሉ ዶክተር።

ሰይድ ግድግዳውን ተደገፈ።

ወደ ሆስፒታል የወሰዳቸው ከማል ነው። ኢምፔሪያል ፌርማታ ላይ ሰው ጭኖ ሊወጣ ሲል ነበር የተደወለለት። ረዳቱ ተሳፋሪውን "ውረዱልን፣ ልጅ ታማብን ነው" ብሎ አስወረደ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሲስተር ለተብርሃን ሕፃኗን እንደታቀፈች ከኋላ ገባች። አንዋር ግን እኔ ጋ ቀረ፤ የአጎቱ ሚስት እስክትመጣ ሚዛኑ ክፍል ተቀመጠ።

መተንፈሻ ማሽን ያለው ባዶ አልጋ የተገኘው በሦስተኛው ሆስፒታል እንደሆነ ሲስተር ከሰዓት ደውላ ነገረችኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሳይሆን፣ ሁለተኛውን ጠርሙስ መዘንኩት። በዚህኛው ከመጠኑ በላይ የጎደለው አሥራ ሦስት ነጥብ አንድ ግራም ነበር። ከአሥራ አምስት በታች ስለሆነ እንደ ደንባችን የሚታለፍ ነው። አላለፍኩትም። ወረቀት አወጣሁ። በመለኪያው የታችኛው መስመር ልክ የተቀዳ ሽሮፕ ሦስት ነጥብ ሦስት ግራም ይመዝናል። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሃያ ሦስት ነጥብ ሦስት ለሰባት አካፈልኩት። ሦስት ነጥብ ሦስት። በቀን አንድ ጊዜ፣ ሰባት ቀን። የሁለተኛውን በሦስት ነጥብ ሦስት አካፈልኩት። አራት።

አራት ቀን ወስዳለች ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን መዋጥ አቅቷታል። ሚዛኑ ቀኑን ጭምር ነገረኝ።

ይህንን የመጀመሪያው ጠርሙስ በተመለሰ ማግስት ላካፍለው እችል ነበር። የሚያስፈልገው እርሳስና አንድ ደቂቃ ነው። የፈሰሰ ነገር እንዲህ ለሰባት እኩል አይካፈልም።

ከዚያ ፋይሉን አወረድኩ። "ፈሰሰ" የሚል ምልክት ያለባቸው ሌሎች ስድስት ፎርሞች ነበሩ። ስድስቱንም በራሴ እጅ ነው የሞላኋቸው። አንድ በአንድ አካፈልኩ። ሁለቱ በምንም አልገጠሙም፣ በእርግጥ ፈስሰዋል። አራቱ ገጠሙ።

ዶክተር መስፍን ሲገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ያዝኳቸው።

"የዘሃራ ፎርም ላይ ፈሰሰ የሚለው ስህተት ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ። ያለችህን ነው የጻፍከው።"

"አይደለም። ያልኳትን ነው የጻፍኩት።"

ቦርሳቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡ። "ብሩክ፣ ይህን በጽሑፍ ከሰጠኸኝ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው መላክ አለብኝ። ጥናቱ ይቆማል። ስንት ዓመት የለፋንበት እንደሆነ ታውቃለህ።"

"ሌሎች አራት ጠርሙሶች አሉ ዶክተር።"

"የምን አራት?"

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት፣ ከዚያ ተቀምጠው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ፎርሙን ያጸደቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ" አሉ። ስልኩን አንስተው ለኮሚቴው ደወሉ፤ ከዚያ ሲስተር ለተብርሃንን ጠሩ። ከሆስፒታል በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

አራቱንም እናቶች እሷ ደወለችላቸው። እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ። ፈሰሰ ወይ አላለችም። ለሌላ ሰጠሽ ወይ ብላም አልጠየቀችም። "ሽሮፑን ከእሱ ሌላ ማን ማን ቀመሰው?" ነው ያለችው፣ እንደ ቀላል ነገር። አንደኛዋ ሳቀች። "ኧረ እኔም ቀምሻለሁ፣ ይጣፍጣል እኮ" አለች፤ ታላቅየውም ይቀምስ ነበር። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋም ወዲያው የልጆቻቸውን ስም ዘረዘሩ፤ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ አልነበረም። አራተኛዋ ጉርድ ሾላ የምትኖር ናት። "ትንሹም ይልሳል፣ ከከለከልኩት ያለቅሳል" አለች።

"ስንት ወሩ ነው?"

"ስምንት።"

ሲስተር ለተብርሃን በእጇ ያለውን ሁለተኛ ጠርሙስ እንድትደፋው ነገረቻትና ነጠላዋን አነሳች። ከሰዓት በፊት ልጁን አምጥታ ዶክተር አዩት። ደህና ነበር። ለብዙ ሳምንት በየሁለት ቀኑ ታየ። እስከ መጨረሻው ደህና ነበር። ደህና ስለነበረ ሳይከፈት የቆየው ፖስታው በመጨረሻ ሲከፈት ስኳር ሆኖ ተገኘ።

ሀያት በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከማሩ ነው ብለው ጠርጥረዋል። መርዙን የሚለይ ምርመራ ግን እኛ ልናገኝ ስላልቻልን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "የተጠረጠረ፣ ያልተረጋገጠ" የሚል ነው። ይህን የምጽፈው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ያልተረጋገጠውን ተረጋገጠ ብዬ መጻፍ ስለማልችል ነው።

ቀብሩ ላይ ሰይድ ነበር። እኔ ለቅሶ የደረስኩት በማግስቱ ከእሱ ጋር ነው። ቡልቡላ፣ አራተኛ ፎቅ። ከማል እጃችንን ጨብጦ አስቀመጠን። ሰይድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀና አላለም። ሊወጣ ሲል ከማልን "ማሩን ያጠለልኩት እኔ ነኝ" አለው።

"አውቃለሁ" አለ ከማል። "የአላህ ፈቃድ ነው። ተቀመጥ፣ ምሳ ሳትበላ አትሄድም።"

ሰይድ ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ምሳ እንዴት እንደዋጥነው አላውቅም።

ወይዘሮ ዘሃራ ከሴቶቹ ክፍል ወጥታ ሰላም አለችን። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከመጀመሬ በፊት እሷ ቀደመችኝ። "ዋሸሁህ" አለች።

"እኔ ነኝ ያስዋሸሁዎት" አልኩ። ሌላውን ሁሉ ረሳሁት።

አንዋር ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይስል ነበር። ሐኪም ሌላ መድኃኒት አዞለታል አለች። "አይወስድም። መለኪያውን ሳቀርብለት ዞር ብሎ ይፈልጋታል።"

ኮሚቴው ጥናቱን ዘጋው። ማርና ጦስኙ ሳል ያስታግስ እንደሆነና እንዳልሆነ ከእኛ ሥራ ማንም አላወቀም። የቀሩትን ጠርሙሶች ሰይድና እኔ ቆጥረን አስረከብን። ዶክተር መስፍን ሲሰናበቱኝ ፎርሙን አወጡና "አራተኛ ሳጥን ቢኖር ምን ትለው ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። "ሌላ ሰው ቀመሰ" አልኳቸው። በእጃቸው ጻፉት።

አሁን ሌላ ድርጅት ውስጥ የሕፃናት ሽሮፕ ናሙና እመዝናለሁ። ስድስተኛ ዓመቴ ነው። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ከእኔ የሚሻል ትምህርት አላቸው። የማሳያቸው አንድ ነገር ነው። ጠርሙስ ጎድሎ ሲመለስ ሚዛኑን ከመመርመራችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ጠይቁ። ስትጠይቁም መልሱን ጥያቄው ውስጥ አትክተቱ።

በዚያ ክፍል ከነበርነው ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የተሳሳትኩትን አርሙ፣ የጎደለውን ጨምሩ። ጋሽ ዘሪሁን፣ ወይዘሮ ዘሃራ ስትደርስ ስንት ሰዓት እንደነበር የበር መዝገብዎ ላይ ይኖራል። እኔ ሁለት ከሩብ ይመስለኛል። ሰይድ፣ ማሩን ስንት ዲግሪ ላይ እንዳሞቅከው አልጻፍኩም፤ አንተ ጻፈው። ዶክተር፣ ያን አራተኛ ሳጥን የጻፉበት ፎርም እርስዎ ጋ ነው።

ሲስተር ለተብርሃን፣ ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አርባ አንድ ቁጥር ጠርሙስን አራት ጊዜ መዝኜዋለሁ፣ ሁለቱንም ሳይወጡና ሲመለሱ፤ አራቱም ቁጥር እስከ ግራም አንድ አሥረኛ ድረስ እኔ ጋ አለ። ሀያትን ግን በእኛ በኩል ማንም አልመዘናትም። እስከ ሦስተኛው ሆስፒታል በእጅሽ ታቅፈሻት ነበር። ስንት ኪሎ ትመስልሽ እንደነበር ጻፊልኝ።